ስለ ራዲያተሩ የሰጠሁት ትእዛዝ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። በካርታችን ላይ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ነበር፤ ቁጥሩንም ዛሬ ረስቼዋለሁ። የማስታውሰው የድንጋዩን ጥቁረት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እጅ የማያስነካ መሆኑን፣ የማፈግፈጉ ትእዛዝም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደደረሰን ነው። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ግን ሰባት ሰዓት ነበር ይላል። በእሱና በእኔ ትዝታ መካከል ሁለት ሰዓት ጠፍቷል። ቀድሞ ቢሆን የእኔን ሰዓት ትክክል፣ የእሱን ስሕተት ብዬ አልፈው ነበር።

ታሪክ ያጠናሁ ሰው ነኝ። በዩኒቨርሲቲ መምህራኖቻችን አስቀድመው ያስጠነቀቁን፣ አንድ ሰው በቦታው መገኘቱ ብቻ የሚናገረውን እውነት እንደማያደርገው ነበር። ይህን መመዘኛ በሌሎች ትዝታ ላይ ስሠራበት ኖሬአለሁ። በራሴ ላይ የሠራሁበት ግን ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ባለፈው ሐምሌ፣ በአንድ አሮጌ መኪና ምክንያት ነው። እናንተ በዚህ በጅቡቲ ከተማ የተወለዳችሁ ልጆቻችን ያንን ጦር ሜዳ የምታውቁት ከእኔ አፍ ስለሆነ፣ የማረሙ ግዴታም የእኔ ነው።

ያን ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሞርታር ተደበደብን። እስከ ቀትር ያዝነው። በግራችን የነበረው የመቶ ጦር ተሰበረ። ሬዲዮው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ትእዛዙ መጣ፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር አፈግፍጉ የሚል። እኔ መቶ አለቃ ነበርሁ። ሰባት ቁስለኞች ነበሩን። አንድ የጭነት መኪና ቀርቶን ነበር፤ ሾፌሩም ጠጋኙም ደምሴ ነበር። ቁስለኞቹን እየጫንን ሳለን አንድ ፍንጣሪ ራዲያተሩን በሳው። ውሃው ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ፤ ወዲያው ደረቀ።

በየኮሮጇችን የቀረው ስንቅ በሶ ነበር። በልጅነቴ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር የሚያፈስ ራዲያተር ውስጥ ዱቄት ሲጨምር አይቻለሁ። «በሶ ጨምርበት» አልሁት።

ደምሴ ቀዳዳውን አይቶ «ትእዛዝ ነው ጌታዬ?» አለ።

«ትእዛዝ ነው።»

ሦስት ጭብጥ በሶ ገባ። በኮዳዎቻችን የቀረው ውሃ ተከተለው። ፍሳሹ ቆመ። መኪናው ቁስለኞቹን ይዞ በደረቁ ወንዝ በኩል ታጥፎ ከዓይናችን ተሰወረ። የቀረነው በእግር፣ በሌላ አቅጣጫ፣ የኮረብታውን ጥግ ይዘን ወጣን።

ሳወራላችሁ የኖርሁት እስከዚህ ነው። መደምደሚያውም በሶ ሰባት ሰው አዳነ የሚል ነበር። በየዓመቱ ስንሰባሰብ ይህን እተርካለሁ፤ ሰው ይስቃል። ደምሴም አብሮ ይስቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። አሁን ግን ለመሳቁ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከሰባቱ ቁስለኞች አንዱ አሥር አለቃ ጌታሁን ነበር። ሌሎቹ ስድስት በስደተኛ መጠለያ ጥቂት ቆይተው ወደየአገራቸው ተመልሰዋል ብዬ አምን ነበር፤ ይህን ማን እንደነገረኝ ግን አላውቅም። ጌታሁን እንደ ደምሴና እንደ እኔ እዚሁ ቀረ። በወደቡ በጥበቃ ሥራ አረጀ። አላገባም። እኔ አምቡሊ በሚባለው ሰፈር በተከራየሁት ግቢ አንዲቷን ክፍል ለእሱ ሰጥቼው፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል አብረን ኖርን። ዐሥራ አራትም ሊሆን ይችላል።

በሐምሌ ወር፣ ከምዕራብ የሚነሣው ትኩስ ነፋስ አቧራውን እስከ አልጋችን ድረስ ባስገባበት ሳምንት፣ ሆዱ ተነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ በፈረንሳይኛ ነገረኝ፤ ጉበቱ አልቋል፤ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ዐሥር ቀን። ለጌታሁን ለስለስ አድርጌ ልነግረው ስሞክር አቋረጠኝ።

«መቶ አለቃ፣ በአማርኛ ሲነግሩኝ ነው የማይገባኝ ወይስ ሐኪሙም እንዲህ ነው የተንተባተበው?»

ነገርሁት።

«እንግዲያው ድሬዳዋ አድርሱኝ» አለ። «እህቴ እጅ ላይ ልሙት። እዚህ መሬቱ ጨው ነው። ቋንጣ ሆኜ መቅረት አልፈልግም።»

በሕይወት ያለች ዘመዱ ይህች ታላቅ እህቱ ብቻ ነበረች። በስልክ ስታነጋግረው ሰማኋት፤ አልጋ አዘጋጅቻለሁ፣ በመስኮቱ በኩል አድርጌዋለሁ ትለዋለች። ጌታሁን ከእኛ የጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሌላ ነገር ጠይቆን አያውቅም።

በባቡር ሊሄድ አይችልም፤ መቀመጥ አልቻለምና። የኪራይ መኪና ባለቤቶች ሊሞት የተቃረበ ሰው ጭነው ድንበር መሻገርን ፈሩ፤ አልፈርድባቸውም። የቀረችን የደምሴ መኪና ነበረች፤ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ አንድ ሰው ተዘርግቶ የሚተኛባት፣ ከእናንተ ሁሉ ዕድሜ የምትበልጥ ስቴሽን። ችግሯ ውሃ ማፍሰሷ ነበር። ደምሴ ካርቲየ 2 ከሚባለው ሰፈር እስከ ወደቡ ድረስ ሲነዳት ሁለት ጊዜ ቆሞ ይሞላላት ነበር። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሐምሌ፣ በዚያ ሁኔታ ልትሄድ አትችልም።

ደምሴ ምርመራውን እንደ ጦር ሜዳ ቅኝት ያዘው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ግቢው ውስጥ ጀመርን። መኪናዋን ከጌታሁን መስኮት ፊት ለፊት አቁመናት ስለነበር፣ በሽተኛው በጎኑ ተኝቶ ይመለከተን ነበር።

«የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ ፊት ይልጣል» አለ ደምሴ፣ ክዳኑን እየፈታ። ላስቲኩን አየው፤ ደህና ነው። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ በሁለት ጣቱ አሸው። ዘይቱ ጥቁር ነበር። ውሃ ገብቶበት ቢሆን ወተት የተጨመረበት ቡና ይመስል ነበር፤ ያ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ከሞተሩ ውስጥ ነው፣ ተስፋም አልነበረውም። «ውስጧ ደህና ነው» አለ። የፊተኛውን ምንጣፍ ገልጦ በመዳፉ ዳበሰ፤ ደረቅ ነው፤ የማሞቂያው ቱቦ አያፈስም ማለት ነው። የውሃ ፓምፑን ከሥሩ በባትሪ አየው፤ ደረቅ። የላስቲክ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጨመቃቸው። የታችኛው ተሰነጣጥቋል፤ የሚያስረው ፋሼታም ላልቷል። ሁለቱንም ቀየርን። ውሃ ሞላን። ሩብ ሰዓት አስነሥተን አቆየናት። ውሃው እንደገና ጎደለ።

«ሌላም አለ» አለ ደምሴ።

ሌላውን የፈለገው በራሱ ዘዴ ነበር። አንድ አሮጌ የራዲያተር ክዳን በስቶ የብስክሌት ጎማ ቫልቭ አጣብቆበት ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ያንን ክዳን ገጠመና በብስክሌት ፓምፕ አየር ነፋበት። ከዚያ አንድ ክንድ የሚሆን ቀጭን ቱቦ ወስዶ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ አደረገ፤ በሌላው ጫፍ ራዲያተሩን እንደ ሐኪም እየተከተለ ያዳምጥ ጀመር።

ጌታሁን ከመስኮቱ «ስትጨርስ እኔንም አዳምጠኝ» አለው።

«ያንተ ጩኸት ከሩቅ ይሰማል፤ ዝም በል።»

«እሷ ፈሳሽ አጥታ ልትሞት ነው። እኔ ደግሞ ሞልቶኛል። ትንሽ አትቀዳላትም?»

«ያንተ ንጹሕ አይደለም» አለ ደምሴ፣ ቱቦውን ከጆሮው ሳያነሣ። «ምን ስትጠጣበት እንደኖርህ አውቃለሁ።»

ጌታሁን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ደምሴ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ እጁን አነሣ፤ ሁላችንም ዝም አልን። የሳሙና አረፋ ቀባበት። አረፋው ተነፋ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ተነፋ። በራዲያተሩ ግርጌ፣ ቱቦዎቹ ከታችኛው ሳጥን ጋር በተበየዱበት መስመር ላይ፣ የጥፍር ርዝመት ያላት ስንጥቅ ነበረች። ዙሪያዋን ነጭና አረንጓዴ ጨው ጋግሮባታል። ደምሴ ለዓመታት ኩላንት የሚባለውን የራዲያተር ፈሳሽ ገዝቶ በመሙላት ፈንታ የከተማውን ጨዋማ የቧንቧ ውሃ ሲሞላባት ኖሯል፤ ጨው ብየዳውን በላው።

«ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ይበየዳል» አለ ደምሴ። «የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ ድሬዳዋ ቀርቶ አዲስ አበባ ትገባለች።»

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ራዲያተሩን አውርደን ካርቲየ 2 ወደሚገኘው ወደ አብዱ ሱቅ ወሰድነው። አብዱ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ራዲያተር ሲበይድ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ስንጥቋን አይቶ በጥፍሩ ጫረና ራሱን ነቀነቀ።

«አቦ መቶ አለቃ፣ ይህ ምንም አይደለም። ግን የብየዳ ጋዜ አልቋል። ወላሂ አንድ እስትንፋስ የለውም። ከነገ ወዲያ ጠዋት፣ አፕሬ ዶማን፣ ጋዙ ሲመጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እጨርስላችኋለሁ።»

«ሰው ሊሞትብን ነው፣ አብዱ» አልሁት።

«ይገባኛል። ግን በምን ልበይደው፣ በምራቄ? ሌላም ጋር ብትሄዱ ያው ነው፤ ጋዙ የሚመጣልን ሁላችንም ከአንድ ሰው ነው።»

ሌሎች ሁለት ሱቆች ሞከርን። አብዱ እውነቱን ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከተማው ለጫትና ለእንቅልፍ ተዘጋ፤ እኛም ራዲያተሩን ይዘን ወደ አምቡሊ ተመለስን።

ደምሴ መኪናዋ ጥላ ሥር ተቀምጦ «ሁለት ቀን ነው ጌታዬ» አለ። «እንጠብቅ።»

«ሁለት ቀን የለውም።»

«ሐኪሙ ሳምንት ብሏል አላሉኝም?»

ብዬው ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት ጠዋት የጌታሁን እግር ማበጡን አይቼ ፈርቼ ነበር። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትርና ሁለት ቀን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጬ እየመዘንሁ ሳለ ኮረብታው ትዝ አለኝ። ያዳነን ነገር ትዝ አለኝ።

«መልሰህ ግጠመው» አልሁት። «በሶ እንጨምርበታለን።»

ደምሴ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ዓይኔን አላየኝም፤ እጁን ነው የተመለከተው። «ጌታዬ፣ ብየዳው ይሻላል።»

«ያኔ ምን አድርገን ነበር?»

መፍቻውን መልሶ አንሥቶ «ትእዛዝ ነው?» አለ።

ሁለታችንም ደመወዝ የሚከፍለን ጦር ከሌለ ሠላሳ ዓመት አልፎናል። እኔ የትራንዚት ቢሮ ሰነድ ጸሐፊ ነኝ፤ እሱ የሰው መኪና እየጠገነ ይኖራል። ደረጃችን በዚህ ከተማ ውስጥ ከሦስታችን በቀር ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ቢሆንም «ትእዛዝ ነው» አልሁ፤ በአፌ ውስጥ እንግዳ ሆኖ አልተሰማኝም። ደምሴም ተነሣ።

በዚያ ሰዓት ጌታሁን መስኮቱ አጠገብ ነቅቶ ነበር። ሲቀልድ ያረፈደው ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሕመሙ ጸንቶበት ነው ብዬ ተረጎምሁት።

በሶውን ከአገራችን ሰው ሱቅ ገዛሁ። ሁለት ጭብጥ ጨመርን፤ ፍሳሹ ቀነሰ። አንድ ጭብጥ ደገምን፤ ቆመ። ግማሽ ሰዓት አስነሥተን አቆየናት። የሙቀት መለኪያው ከመካከል አልወጣም፤ ከሥሯ ያነጠፍነው ካርቶን ደረቅ ነበር። ኮራሁ። ይህንንም መጻፍ ስላለብኝ እጽፈዋለሁ።

በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጌታሁንን ፍራሽ ላይ አስተኝተን ጫንነው። ደምሴ መሪውን ያዘ። እኔ ከጎኑ ሆንሁ። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የጌታሁን አንዲት ሻንጣ። ከወደቡ ከሚወጡት የጭነት መኪኖች ጋር ተሰልፈን ከተማውን ለቀቅን። ነፋሱ ገና ከመንጋቱ ትኩስ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከተማው ዳር ያለውን ፔካ 12ን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር፣ የመለኪያው ቀስት ተንቀሳቀሰ። ደምሴ ፍጥነት ቀነሰ። ቀስቱ አልተመለሰም። «ማሞቂያውን ይክፈቱልኝ» አለኝ፤ የሞተሩን ሙቀት በከፊል ወደ እኛ ስቦ ለማውጣት ነበር። እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ሞተሩ እየነደደ ከማሞቂያው የወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር።

«ውሃው አይዞርም» አለ ደምሴ በዝግታ። «ተደፍኗል።»

መንገድ ዳር ወጣን። ቁልፉን ከማጥፋቱ በፊት ሞተሩ አንድ ጊዜ እንደ መዶሻ መታና በራሱ ቆመ። እንፋሎት ከመክደኛው ሥር ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተነሣችም።

ከኋላችን የነበረ ኢትዮጵያዊ የተሳቢ ሾፌር መኪናውን ፀሐይ እንዲከልለን አድርጎ አቆመልን። ሠላሳ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። ወርዶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ፤ ድምፁ ወዲያው ዝቅ አለ።

«ፋዘር፣ እኔ ጭነት የለኝም፤ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ግን ጋቢናው ላይ ይቀመጣል?»

«አይቀመጥም» አልሁት።

«እንግዲያው የሚተኛበት መኪና እስክታገኙ እዚሁ እቆማለሁ። ፀሐዩ ይገድለዋል።»

እውነትም ቆመ። ወደ ከተማ ስልክ ደወልን፤ አምቡላንስ እንደሚመጣ ተነገረን። አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ተኩል ሆነ። ጨርቅ እያራስን የጌታሁን ግንባር ላይ እናደርግ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። አእምሮው ግን ከእኔ ይልቅ የጸና ነበር።

«ደምሴ» አለ፣ «ያኔ የቆምነው ጥላ ያለበት ቦታ አልነበረም?»

«አትድከም።»

«ነበር። አንድ ዛፍ ነበር። ስድስቱን ከግንዱ ሥር አውርደን አስተኛናቸው።»

«መቼ?» አልሁ። «የት ነው የቆማችሁት?»

የተሳቢው ሾፌር ነገሩ የእሱ አለመሆኑ ገብቶት ወደ ጋቢናው ሄደ።

ጌታሁን ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። «የበሶዋ ዕለት ነዋ፣ መቶ አለቃ። ከታጠፍን ሁለት ኪሎ ሜትር አልሄድንም። እንደዛሬው መትታ ቆመች።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደምሴ አንድ ሰው ብቻ ነበር ማዘል የሚችለው። እኔ ከሁሉም ቀላሉ ነበርሁ። ቁስሌ አይደለም፣ ክብደቴ ነው ያስመረጠኝ። አየህ ደምሴ፣ ያኔም ከሲታ ነበርሁ፤ ለእህቴ ንገርልኝ፣ ብላ ብላ ትለኝ ነበር።»

ደምሴ ጨርቁን ጨምቆ እንደገና ግንባሩ ላይ አደረገለት።

«ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት ደምሴን።

«ነግሬዎታለሁ ጌታዬ።» ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ሪፖርት ነበር። «በሦስተኛው ቀን፣ ድንበሩ ላይ። ፊትዎ ቆሜ “መኪናው በራዲያተሩ ምክንያት ቆመ፤ ስድስት ሰው ቀርቷል” አልሁ። እርስዎም “መልካም፣ ሂድ ውሃ ጠጣ” አሉኝ።»

ያንን ቀን ፈለግሁት። ዛሬም እፈልገዋለሁ። ድንበሩን አስታውሳለሁ። መሣሪያ ያስረከብንበትን ክምር አስታውሳለሁ። የውሃ ጀሪካን አስታውሳለሁ፤ ሰማያዊ ነበር። ከፊቴ የቆመ ሰው ግን የለም። ሰምቼ ረሳሁ? ሰምቼ እንዳልሰማሁ ለመሆን ወሰንሁ? ደክሜ ስለነበር ቃሉ ሳይገባኝ አለፈ? ሦስቱም ይቻላሉ። አንዱን መርጬ ብጽፍላችሁ ግን ያው የቀድሞውን ስሕተት መድገሜ ነው። ደምሴ በየዓመቱ አጠገቤ ተቀምጦ «በሶ ሰባት ሰው አዳነ» ስል ሰምቷል። ጌታሁንም ሰምቷል። እኔ ሰባት ስል ሰባተኛው ራሱ ከፊቴ ተቀምጦ ይጠጣ ነበር።

አሥር አለቃ ጌታሁን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሞተ። ሰዓቱን ወዲያውኑ ወረቀት ላይ ጻፍሁት። የመጨረሻ ንግግሩ ለእኔ አልነበረም፤ ደምሴን «እግሬን ዘርጋልኝ» አለው፤ ደምሴም ዘረጋለት። አምቡላንሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰ።

በማግሥቱ በጅቡቲ ቀበርነው። ለእህቱ የደወልሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ «መኪናው ተበላሸብን» ብዬ ነበር። በዚያ ቆሜ ልተወው እችል ነበር፤ ሐሰትም አልነበረም። ከዚያ ግን «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ቀን ብንታገሥ ይጠገን ነበር» አልኋት። «በመንገድ ላይ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልሁ። «ወደ እኔ ፊቱን አዙሮ?» አለች። መኪናው ወደ ምዕራብ ቆሞ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ኋላው በር፣ ወደ ከተማው አድርጎ ነበር የተኛው፤ ይህን አስታውሳለሁ፣ ወይም የማስታውስ ይመስለኛል። «አዎ» አልኋት። ይህም አንድ ሌላ መታረም ያለበት ነገር ነው፤ እሷ በሕይወት እያለች ግን አላርመውም።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ደምሴ ራዲያተሩን አውርዶ ለሁለት ሰነጠቀው። ልብ እንድል የፈለገ አይመስለኝም፤ መዳቡን ሊሸጠው ነበር። ከሠላሳ የሚበልጡት ቀጫጭን ቱቦዎች ከአምስት ወይም ከስድስት በቀር ከላይ እስከ ታች ተደፍነዋል። በሶው በሙቀት ተጋግሮ ቡናማ ድንጋይ ሆኗል። ስንጥቋም ተደፍናለች። በዚያች በኩል ጠብታ አልወጣም ነበር፤ እሷን መድፈኑንስ በትክክል ሠርቶታል።

ያን ጊዜ ጠየቅሁት። «እንደሚደፍነው ታውቅ ነበር። አንድ ጊዜ አይተኸዋል። ለምን እምቢ አላልኸኝም?»

ደምሴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። «እምቢ የሚባለው ሲጠየቁ ነው» አለ። «እርስዎ አልጠየቁኝም ጌታዬ።»

አልተቆጣም። ሻይ ጠጣን። ዛሬም ጌታዬ ይለኛል፤ እንዳይለኝ ለምኜው ነበር፤ ልማድ ሆኖበት ሊተወው አልቻለም።

የቀሩትን ስድስት ሰዎች ስም ለመጻፍ ሁለታችንም ብዙ ቀን ተቀምጠን ሞክረናል። እኔ ሦስቱን አስታወስሁ፤ ደምሴ ሁለት ጨመረ፤ አንዱን ሁለታችንም አጣነው። ወታደር አየለ፣ ሆዱ ላይ የተመታ። ወታደር በቀለ፣ ሁለት እግሩን። ምክትል አሥር አለቃ ሐሰን። ወታደር ታደሰ፤ የአባቱን ስም አናውቅም። ወታደር ገብሬ፣ በጉዞ ላይ ሁሉ ያፏጭ የነበረ፤ ደምሴ እንደሚለው ከግንዱ ሥር ሲያስተኙትም ያፏጭ ነበር። ስድስተኛው ከሸዋሮቢት የመጣ ልጅ ነው፤ ስሙ ጠፍቶናል፤ ቤተሰቡ ይህን ቢያነብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሰባተኛው አሥር አለቃ ጌታሁን ነው፤ ዘግይቶ የተቆጠረ።

ሰባት ሰው ድኗል ብዬ ስነግራችሁ ኖሬአለሁ። የሞቱት ሰባት ናቸው። በጦር ሜዳ ላይ ጠላት የነበረው ማን እንደሆነ፣ ሞርታሩ ከየት እንደተተኮሰ፣ ትእዛዙ በሰባት ይሁን በዘጠኝ ሰዓት እንደመጣ ከሌሎች ልትሰሙ ትችላላችሁ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱን እመኑ። እኔ አሁን ሳልጠራጠር ልነግራችሁ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሁለቱም ቀን ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነበርሁ፤ በሁለቱም ቀን ሥራውን የሚያውቀው ሰው አጠገቤ ቆሞ ነበር።